የሁለት ኪሎ ሜትር ጎማ

አባቴ በረባሶ ይጫማሉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከአዲስ አበባ ስሄድ የቆዳ ጫማ እወስድላቸዋለሁ፤ ሦስቱ ጥንድ እስከ ዛሬ ከነካርቶናቸው ከአልጋ ሥር ተቀምጠዋል። ለንግሥና ለሠርግ ያወጧቸዋል፤ ከዚያ ጠርገው ይመልሷቸዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን እግራቸው የሚያምነው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በምስማር የተመታውን ያንኑ በረባሶ ነው። የመንደሩ ወጣቶች ፕላስቲክ ጫማ ከለመዱ ቆይተዋል። እርሳቸው ግን «ይኼ ጎማ ጭቃውን ያውቀዋል» ይላሉ።

በጎማ ነገር አባቴ ከእኔ ቀድመው ሊቅ እንደ ነበሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ይህ ጽሑፍ በ2017 ዓ.ም. ለትንሿ መኪናዬ ጎማ ስመርጥ ያገኘሁትን ይተርካል። ግጥም ወዳዱ አንባቢ «ስለ ጎማ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ቢለኝ አልፈርድበትም። እኔም ብሆን ቀን ከምመረምረው ቼክና ማታ ከምቆጥረው ስንኝ በቀር ሌላ የምመረምረው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መኪናዬ ሱዙኪ ጂምኒ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራች፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ ባዶዋን ከአንድ ቶን እምብዛም የማትዘልል። ጃፓኖች የዚችን መኪና የመጀመሪያ ዘር ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ የእኔዋ እ.ኤ.አ. በ1998 ከጀመረው ከሦስተኛው ትውልድ ትመደባለች። ትንሽነቷን አይተው የሚስቁባት ብዙ ናቸው። ከሥሯ ጎንበስ ብሎ ያየ ግን አይስቅም፤ እንደ ትልልቆቹ የመስክ መኪናዎች ወጥ ሻንሲ አላት፣ የፊቱም የኋላውም አክስሏ ጠንካራ ነው፣ አራቱን እግሯን አንድ ላይ የሚያስነዳ ማርሽ አላት፣ ጭንቅ ሲመጣ የሚገባ ቀርፋፋና ጉልበታም ማርሽም አላት። የገዛኋት የምሠራበት ባንክ ለሠራተኞቹ በሚሰጠው ብድር ነው። ዕዳዋ ገና አላለቀም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌዋን አክብሮ መያዝ እንጂ በሌላ እለውጣታለሁ ማለት ለእንደ እኔ ያለ ደመወዝተኛ ሕልም ነው።

የተወለድሁባት መንደር ሶዶ ውስጥ ናት። ከአዲስ አበባ በዓለም ገና ወጥቶ፣ መልካ ቁንጥሬ ላይ ዐዋሽን ተሻግሮ፣ የጥያን ትክል ድንጋዮች አልፎ ወደ ቡኢ የሚዘልቀው የቡታጅራ መንገድ አስፋልት ነው፤ ለማንኛዋም መኪና ይበቃል። ከአስፋልቱ ሲገነጠሉ ሰባት ኪሎ ሜትር ጠጠር ይከተላል። ከጠጠሩ ወዲያ አራት ኪሎ ሜትር መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጥቁር አፈር ነው። አፈሩ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላቆጣል፣ የረገጠውን ሁሉ ይዞ ያስቀራል። ዋልካ የምንለው እርሱ ነው።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም፣ አክስቴ ዐረፉ። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ጡት ካስጣሉኝ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው፤ «እትዬ» እላቸው ነበር። ስልኩ የተደወለልኝ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቀብሩ በዕለቱ በስድስት ሰዓት እንደሚሆን ተነገረኝ። ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አስፈቅጄ፣ ነዳጅ ቀድቼ አንድ ሰዓት ላይ ከከተማ ወጣሁ። ዝናቡ እስከ ዓለም ገና አልተለየኝም። አራት ሰዓት ላይ ከጥቁሩ አፈር አፍ ደረስሁ። ጊዜ ነበረኝ።

ጎማዎቼ የአስፋልት ጎማዎች ነበሩ፤ ጥርሳቸውም አልቆ ነበር። መኪናዋ ሁለቱን ኪሎ ሜትር እንደ ምንም ሄደች። ወደ ወንዟ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን ጎኗን ሰጥታ ተንሸራተተችና ሆዷ መሬት ነካ። ነዳጅ ስሰጥ ጎማዎቹ በጭቃው ውስጥ ይዞራሉ፤ እርሷ አትነቃነቅም። ወርጄ ድንጋይ ጎዘጎዝሁ፤ ድንጋዩን ዋጠው። ቅጠል ጎዘጎዝሁ፤ ቅጠሉን ወደ ኋላ ተፋው። ክሪኩን ሳስገባ ክሪኩ ራሱ ሰመጠ። እንዲህ ስታገል ከኮረብታው ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማኝ። ሰዓቴን ሳይ ስድስት ሆኖ ነበር።

አባቴ ከቀብር መልስ ከጎረቤቶቻችን ጋር ጥማድ በሬ እየነዱ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ በዚያ ቁልቁለት አንድም ጊዜ ሳይንሸራተቱ ወረዱ። እግራቸውን አየሁ፤ በረባሶ ነበር። በሬዎቹ መኪናዋን ሲያወጧት አባቴ ትከሻዬን ይዘው «ጭቃው ክፉ ነው ልጄ፤ የዘንድሮው ደግሞ ባሰ» አሉኝ። እኔም «ጎማው ነው አባባ፤ ጎማው አልቆ ነው» አልኋቸው። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ሲጠይቀኝ ይህንኑ መለስሁ። ሦስት ቀን ሙሉ «ጎማው ነው» እያልሁ ተቀመጥሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ጎማ ፍለጋ ጀመርሁ።

ጊዜው ክፉ ነበር። ብር ከውጭ ገንዘቦች ጋር የሚመነዘርበት ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የዕለቱን ምንዛሪ በየጠዋቱ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እኔው ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ጎማ ቤት ስገባ ያንኑ ቁጥር ሌላ ልብስ ለብሶ አገኘዋለሁ። የአራት ጎማ ዋጋ ከሦስት ወር ደመወዜ በለጠ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ደግሞ ሳይመረምሩ አይወጣም፤ ስለዚህ መመርመር ያዝሁ።

ለእንደ እኔዋ ያለች መኪና የሚሸጡ ጎማዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው «ኤች.ቲ.» የሚባለው የአስፋልት ጎማ ነው፤ ጥርሱ የተጠጋጋና ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ በዝናብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚታመን። ሁለተኛው «ኤም.ቲ.» የጭቃ ጎማ ነው፤ ጥርሶቹ እንደ ጡብ የተለያዩ ናቸው፤ በመካከላቸው የገባው ጭቃ ጎማው ሲሽከረከር ተወርውሮ እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የቆመው «ኤ.ቲ.» ነው፤ ለሁሉም መሬት የሚሉት። ቢ.ኤፍ. ጉድሪች የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 የራሱን ራዲያል «ኤ.ቲ.» ካወጣ ወዲህ ይህ መካከለኛ ዘር በየአገሩ ተባዝቷል።

ልቤ ወዲያው ወደ ጭቃ ጎማው ሄደ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርሁም።

ከጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ለባንክ ሠራተኛ ደስ የሚል ሥራ ነው። በእኔዋ መኪና ላይ የነበረው 205/70 አር 15 ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ የ205 ሰባ በመቶ 143 ከግማሽ ሚሊ ሜትር ይመጣል። «አር» ራዲያል መሆኑን ያሳያል፤ 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ተደምሮ ሲሰላ ጎማው ከጫፍ እስከ ጫፍ 668 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከቀጥሎ ያለው 96 የሚል ቁጥር አንዱ ጎማ 710 ኪሎ እንደሚሸከም ይመሰክራል። አራቱ 2,840 ኪሎ ይችላሉ ማለት ነው። መኪናዬ ሰውና ዕቃ ሞልታ 1,420 ኪሎ ገደማ ናት፤ ግማሹ። ተራው ጎማ እንኳ የሚችለው የምትፈልገውን እጥፍ ነው።

ዋናው ቁጥር ግን ብዙ ሰው የማያየው ነው። «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚሉት ፊደላት መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ የፈረንጁን ዓመት ይነግራሉ። አንድ ቀን ከመርካቶ ጎማ ቤቶች በአንደኛው ነጋዴው የሚያብረቀርቅ ጎማ አንከባልሎ አመጣልኝ። «ወንድሜ፣ ይኸው ፀጉሩ እንኳ አልረገፈም!» አለና ላስቲኩ ላይ የበቀሉትን ቀጫጭን ጭረቶች በመዳፉ ዳበሰልኝ። እውነቱን ነው፤ መንገድ አልነካም። ጎንበስ ብዬ አኃዙን ፈለግሁ፤ 1416 ይላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በዐሥራ አራተኛው ሳምንት የተሠራ፤ ያኔ ስምንት ዓመት ያለፈው ነበር። ላስቲክ ሳይነዱትም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ነጋዴውን «ይህ ቀኑ ያለፈበት ቼክ ነው» አልሁት። ሳቀና «አንተ የባንክ ሰው ነህ እንዴ?» አለኝ። ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

በእነዚያ ሳምንታት ስለ ላስቲክ ያነበብሁትም ከልቤ አልወጣም። ጥሬውን ላስቲክ በድኝና በሙቀት አጽንቶ ለሰው አገልግሎት ያበቃው አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ነው፤ ነገሩን የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ዕድሜውን በሙከራና በዕዳ ፈጀ፤ በ1860 ሲሞትም ባለ ዕዳ ነበር። ዛሬ ስሙ በየጎማው ላይ የሚነበበው ኩባንያ የተመሠረተው በ1898 ነው፤ ስሙን ለክብሩ ወሰደ እንጂ ከእርሱም ከቤተሰቡም አልተወረሰም። በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ለገበያ ያበቃው ጆን ዳንሎፕ ደግሞ የከብት ሐኪም ነበር፤ ቤልፋስት ከተማ ውስጥ ጎማውን የሠራው ለሕፃን ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነው። አባት ለልጁ መንገዱ እንዳይቆረቁረው ብሎ የሠራው ነገር ነው ዓለምን ያሽከረከረው።

ባንካችን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ገንዘብ የሚያመላልስ አንጋፋ ሾፌር አለው። ያልነዳበት የአገር ማዕዘን የለም ይባላል። የጭቃ ጎማ ልገዛ እንደሆነ ስነግረው ሻዩን አስቀምጦ አየኝ።

«ያቺ መኪና ስንት ትመዝናለች?»

«አንድ ቶን ገደማ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ስማኝ። ለከባድ መኪና የተሠራ ጎማ ብታለብሳት ጎኑ ደረቅ ነው፤ በእርሷ ክብደት አይለዝብም። ጠጠር ላይ ትዘላለች እንጂ መሬት አትቆነጥጥም። ደግሞ ጎማው ራሱ ከባድ ነው፤ ትንሹ ሞተርህ ለማሽከርከር ይደክማል። የጭቃ ጎማ ጭቃውን የሚወረውረው በፍጥነት ሲዞር ነው፤ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲዞር ምኑን ይወረውራል?»

«ኤ.ቲ. ላድርግላት?»

«ለዋልካ ኤ.ቲ.ም መድኃኒት አይደለም፤ አልዋሽህም። ጥርሱ መሃል ይሞላና ጎማው ድፎ ዳቦ ይሆናል። ግን ለጠጠሩ፣ ለድንጋዩ፣ ለርጥብ ሣሩ ይበልጣል። ጠበብ ያለውን ምረጥ። ሰፊው ከላይ ልንሳፈፍ ይላል፤ ጠባቡ ቀዶ ገብቶ ጠንካራውን መሬት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፋስ መቀነስ ልመድ።»

የሰፈራችን ጎሚስታም ቃሉ ተመሳሳይ ነበር። እኔ 215/75 የሚባለውን ወፍራም ጎማ አይቼ ጎምጅቼ ነበር። ጎሚስታው በጣቱ ከመከላከያው ሥር ያለውን ክፍተት እየለካ «ጋሼ፣ መሪ ሲጠመዘዝ ይነካል» አለኝ። እኔም ማታ ሒሳቡን ሠራሁ። ዲያሜትሩ 703 ይሆናል፤ በ35 ይበልጣል። ከዚያ ውስጥ መኪናዋን ከመሬት ከፍ የሚያደርጋት ግማሹ ብቻ ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ አውራ ጣት ወርድ ያህል። በዚያ ላይ የፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲል እውነተኛው 105 ይሆናል፤ ሞተሩም በዚያው መጠን ይከብደዋል። ከዚህ ይልቅ 195/80 ተስማሚ ሆኖ አገኘሁት። ዐሥር ሚሊ ሜትር ይጠባል፣ ዲያሜትሩ 693 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የወጣችው አዲሷ ጂምኒ ከፋብሪካ የምትጫማውም ይህንኑ ልክ ነው።

ልክም ዘርም ተወሰነ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ልቤ አሁንም ወደ ጭቃ ጎማው ያደላ ነበር። ይህን ክርክር በቁጥር ልዝጋው ብዬ የመኪናዬን ደብተር አወጣሁ።

የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ነዳጅ የቀዳሁበትን ቀን፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና የሄድሁበትን ቦታ እመዘግባለሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። በዓመት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ወደ አባቴ እሄዳለሁ፤ ጥቁሩ አፈር ደርሶ መልስ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዓመት 96 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ክረምቱ ስንት እንደሆነ አውጥቼ፣ በጠቅላላው ጉዞ አካፍዬ፣ የጭቃ ጎማ ያዋጣ እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። በደብተሩ የ2016 ዓ.ም. ጉዞ በጠቅላላው 9,200 ኪሎ ሜትር ነበር። የአባቴን መንደር ስም እየፈለግሁ ገጹን ስገልጥ ያገኘሁት ግን ዐሥራ ሁለት አይደለም። አምስት ነው። አንዱ ለመስቀል፣ አንዱ ለጥምቀት፣ አንዱ ለፋሲካ፣ አንዱ በግንቦት ለአጎቴ ልጅ ሠርግ። አምስተኛው ነሐሴ ላይ ለቀብር።

ሰኔ ባዶ ነው። ሐምሌም ባዶ ነው። የቀደመውን ዓመት ገለጥሁ፤ ክረምቱ ባዶ ነው። የዚያን ፊተኛውንም ገለጥሁ። መኪናዋን ከገዛሁ ወዲህ ከዚያ ቀብር በፊት በክረምት አንድም ጊዜ ወደ ቤቴ አልሄድሁም። በጥቁሩ ጭቃ ላይ የነዳሁት ሁሉ ተደምሮ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ለዚያች ሁለት ኪሎ ሜትር ነው ከሦስት ወር ደመወዜ የሚበልጥ ገንዘብ ላወጣ የተነሣሁት።

ባንክ ውስጥ ሒሳብ አልዘጋ ሲል ወደ ኋላ ተመልሰን ስሕተቱ የተፈጠረበትን ቀን እንፈልጋለን። እኔም ወደ ኋላ ተመለስሁ። እትዬ ከማረፋቸው ከሦስት ቀን በፊት አባቴ ደውለውልኝ ነበር። «እትዬህ ደክማለች፤ ስምህን ትጠራለች» አሉኝ። «ቅዳሜ ጎማ እቀይርና እመጣለሁ አባባ» አልኋቸው። ያን ቅዳሜ እርሳቸው አላዩትም። በሰኔም እንዲሁ «ጎማው ይቀየርና» ብያለሁ። በቀደመው ዓመትም ብያለሁ። ጎማው ያላለቀበት ዓመት ደግሞ «መንገዱ ይድረቅና» ብያለሁ።

ከዚህም የሚብሰውን አስታወስሁ። በዚያች ቀን መኪናዋ ስትሰምጥ ሰዓቱ ከአራት ተኩል አላለፈም ነበር። የቀረኝ ሁለት ኪሎ ሜትር ነበር። በጭቃ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው በአንድ ሰዓት ይደርስ ነበር። አባቴ በሰባ ሁለት ዓመታቸው መጥተውበታል። እኔ ግን ድንጋይ ስጎዘጉዝ፣ ክሪክ ስቀረቅር፣ ነዳጅ ስሰጥ፣ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ከመኪናዬ አልተለየሁም። በእግር መሄድ እንደሚቻል አላሰብሁም። ይህን የሚያህል ነገር እንዴት እንዳልታሰበኝ ዛሬም ለራሴ ማስረዳት አልችልም። አባቴ ግን ያን ቀን ገና ሲያዩኝ የገባቸው ይመስለኛል። ጭቃውን የወቀሱት እኔን ላለመውቀስ ነበር።

በማግሥቱ መስኮቴ ላይ ሰው ሲሳሳ በገንዘብ ማስገቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ እነዚህን ሁለት ስንኞች ጻፍሁ፤

ጎማ ቢገዙለት ለጭቃ ለዋልካ፣
እግር ካልተነሣ መንገድ መች ተነካ።

ለግጥምነት ብዙም የሚበቁ አይደሉም። ወረቀቱን ግን አልጣልሁትም።

ጎማውን መግዛቴን አልተውሁም። አስፋልት ጎማው በእርግጥ አልቆ ነበር፤ ያለቀ ጎማ በከተማም ሰው ይገድላል። በሚያዝያ የቅርንጫፋችን ዕቁብ ሲደርሰኝ 195/80 አር 15 «ኤ.ቲ.» አራት ገዛሁ፤ ጥርሱ መካከለኛ፣ ጎኑ ለስላሳ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ያልበለጠ። የጭቃውን ጎማ ተውሁት። ዓመቱን ሙሉ የምነዳው አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ነው፤ በዝናብ ፍሬን ስይዝ ከፊቴ የሚሻገረው የሰው ልጅ ነው። አሮጌዎቹን ጎማዎች ለበረባሶ ይሆናሉ ብዬ ለአባቴ ልወስድ ነበር፤ ጎሚስታው «ሽቦ አለው ጋሼ፣ ለቢላ አይመችም» ብሎ አስተወኝ። በረባሶ የሚወጣው ከድሮው ሽቦ አልባ የጭነት መኪና ጎማ ነው አለኝ። ይህንንም አባቴ ያውቁ ነበር።

ነፋስ መቀነስንም ለመድሁ። በመኪናዬ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት በፊት 23፣ በኋላ 26 ይላል። ጠጠሩ ሲጀምር ወደ 20፣ ጥቁሩ አፈር ሲጀምር ወደ 15 አወርደዋለሁ። ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይለዝባል፣ መሬት ላይ ያረፈው ገጹ ይረዝማል፣ ክብደቷን ዘርግቶ ይሸከማታል። ከእርሳስ የማትበልጥ መለኪያና ከመኪናው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ የነፋስ መሙያ ገዛሁ፤ የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ የአንዱን ጎማ ሩብ አይሞላም። ወደ አስፋልት ስመለስ መልሼ እሞላለሁ፤ በለዘበ ጎማ በፍጥነት መንዳት ጎኑን አግሎ ያፈነዳዋልና።

በ2017 ክረምት በሰኔ ሄድሁ። በሐምሌም ሄድሁ። በሰኔ ሁለት ጊዜ ሰመጥሁ፤ የጎረቤት ልጆች ገፉኝ። በሐምሌ ከወንዟ ወዲህ ቀረሁ። አባቴ በሐምሌ ሲያዩኝ ምንም አላሉም፤ ቡና ሲጠጡ ብቻ ለጎረቤታቸው «ለመስቀልማ ሁሉም ልጅ ይገባል» አሉ። ይህ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያው ጊዜ ከመንደሩ ሠሪ ዘንድ ወስደው እግሬን አስለኩኝ።

ነሐሴ የእትዬ ሙት ዓመት ነበር። የሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ከዋዜማው በፊት ተነሣሁ። ዝናቡ እንደ ዓምናው ነበር። ጠጠሩ ላይ አዲሶቹ ጎማዎች መሬቱን ይዘው ሲሄዱ በእውነት ደስ ይላል፤ ከጎማ የሚፈለገው ይህ ነው። ጥቁሩ አፈር ውስጥ ስገባ ነፋሱን ቀነስሁ፣ ቀርፋፋውን ማርሽ አስገባሁ፣ ሳልቸኩል ተሳብሁ። አንዱን ኪሎ ሜትር አለፍሁ፤ ሁለተኛውንም። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስደርስ ቆምሁና ወርጄ ጎማዎቹን አየኋቸው። ሾፌሩ እንዳለው ድፎ ዳቦ ሆነዋል፤ ጥርሳቸው አይታይም። ቁልቁለቱ ላይ በመጣሁበት ዓመት የሰመጥሁበት ጉድጓድ ውኃ ሞልቶታል።

ወደ ኋላ መልሼ ከዋንዛው ሥር፣ ሣር ላይ አቆምኋት። ከኋላ ወንበር ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለውን አዲሱን በረባሶ አወጣሁ። ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ ለድግሱ የያዝሁትን ዘይትና ምስር ተሸክሜ በእግሬ ወረድሁ። መጀመሪያ ላይ አዳለጠኝ። በኋላ ጣቶቼን መጨበጥ ሲገባኝ ተስተካከለ። አምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

«መኪናዋስ?» አሉኝ።

«ዋንዛው ሥር አቆምኋት አባባ።»

«አዲሱ ጎማም እንቢ አለ?»

«የለም፤ እስከዚያ በደንብ አደረሰኝ።»

ወደ እግሬ ጎንበስ አሉ። ጭቃውን በጣታቸው ከማሰሪያው ላይ ጠረጉና የምስማሩን ራስ ዳበሱ።

«አልወጋህም?» አሉኝ።

«አልወጋኝም» አልኋቸው። ትንሽ ወግቶኝ ነበር።